ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት

ጳጉሜን 5 ቀን በአብዛኛው ቤት የዘመን መለወጫ ሽር ጉድ የሚበዛበት ቀን ነው። ዶሮው ይገዛል፣ ቄጤማው ይመጣል፣ ከሩቅ የሚመጣው ዘመድ ይጠበቃል። ይኸው ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 10 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ራስን ማጥፋትን የመከላከል የዓለም ቀን ሆኖ ይታሰባል። ሁለቱ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው፤ እኛ ዘንድ በዓሉ ስለሚውጠው ዕለቱን የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝና፣ በዓመቱ ውስጥ የሸኘናቸውን ሰዎች ስም ከመዝገቡ ላይ የማመሳክረው በዚያው ሰሞን በመሆኑ፣ ሁለቱን ጉዳዮች አያይዤ ማሰብ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል። ከእነዚህ መካከል 73 በመቶ ያህሉ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 29 በሆኑ ወጣቶች ዘንድ ደግሞ ራስን ማጥፋት ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። ስለዚህ በለቅሶ ቤት ጥግ ይዘው የሚያወሩ ሰዎች «ይህ እኮ የፈረንጅ አመል ነው» የሚሉት ነገር ከእውነታው ጋር አይገጥምም። በአገራችንም ቢሆን ጉዳዩ የተጠናው ዛሬ አይደለም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን አነጋግረው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ከመቶው ሰው ሦስት ያህሉ በሕይወት ዘመኑ ራሱን ለማጥፋት ሞክሮ እንደሚያውቅ ተናግሯል። ይህን ቁጥር ወደ እድራችን መዝገብ አምጥቼ ሳሰላው፣ በየወሩ መዋጮ ሊከፍሉ ከሚሰለፉት አባላት መካከል ይህን የሚያህል ነገር አልፎባቸው ለማንም ሳይናገሩ የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ መገመት አያስቸግርም።

እድር ሰው ከሞተ በኋላ የሚደረገውን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል። ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፤ ሴቶቹ ንፍሮውን ይቀቅላሉ፣ እንጀራውንና ወጡን ይዘው ይመጣሉ፤ ወንዶቹ በየተራ ያመሻሉ፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ለሐዘንተኛው በደንቡ የተወሰነው ገንዘብ ቀኑ ሳያልፍ ይሰጣል። ሐዘን የደረሰበት ሰው በእነዚያ ቀናት ብቻውን አያድርም፣ ጾሙን አይውልም፣ ዝምታው ሲበዛ ከአጠገቡ የሚቀመጥ ሰው አያጣም። ይህን ሁሉ ያቋቋመው የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለም፤ ይሁንና ሰውን በመከራው ሰዓት እንዴት መክበብ እንደሚገባ ለሚያጠና ሰው ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ማግኘት የሚቀለው አይመስለኝም። እኔ የምለው ነገር አንድ ነው፤ ይኸው መጠየቅ፣ ይኸው ማምሸት፣ ይኸው ምግብ ይዞ መሄድ፣ ሰው ከሞተ በኋላ ከሚጀመር ሰው ሳይሞት መጀመር ይችላል። ለዚህ ደግሞ አዲስ ድርጅት ማቋቋም አያስፈልግም።

እድር ከቀብር ወጥቶ ሌላ ሥራ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። ኤችአይቪ በየቤቱ ሰው በሚጥልበት ዘመን፣ ብዙ የአዲስ አበባ እድሮች በየወሩ ሁለትና ሦስት ድንኳን መትከል ሲበዛባቸው፣ ደንባቸውን አሻሽለው የታመመውን በቤቱ መጠየቅና ማስታመም፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን መደገፍ ጀምረው ነበር። ያን ጊዜም «እድር ለቀብር ነው፣ ሌላው የመንግሥት ሥራ ነው» የሚሉ ነበሩ። ዛሬ ያንን ክርክር የሚያነሳ የለም። ሥራው ተሠርቶ ስላለፈ፣ ክርክሩም አብሮ አልፏል።

በራስ ማጥፋት የመጣ ሞት ግን በእድር ውስጥ የተለየ ዝምታ አለው። ቤተሰቡ «በድንገት ነው» ይላል፤ ለቀስተኛውም ያውቃል፣ እንዳላወቀ ይሆናል። ወሬው ከድንኳኑ ውጭ ይቀጥላል፤ ማን ምን ብሏት ነበር፣ ማን ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር እየተባለ ጥፋተኛ ይፈለጋል። ሐዘንተኞቹም ይህንን ያውቁታልና ቀና ብለው ሰው ማየት ይፈራሉ። የሚያሳዝነው፣ በዚህ ዓይነት ሞት ሰው የቀበሩ ቤተሰቦች ራሳቸው ለተመሳሳይ አደጋ ከሌላው ሐዘንተኛ ይልቅ የተጋለጡ መሆናቸው በጥናት የታወቀ ሆኖ ሳለ፣ ቶሎ የሚተዉት ግን እነርሱ መሆናቸው ነው። ሰልስቱ ሲወጣ ሰው ይበተናል፤ ለሌላው ሐዘንተኛ እስከ ተዝካር የሚቀጥለው መመላለስ ለእነርሱ ቶሎ ይቋረጣል።

የፍትሐቱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ቁስል ነው። ራሱን ያጠፋ ሰው ጸሎተ ፍትሐት አይደረግለትም የሚለው ነገር በምእመኑ ዘንድ እንደ መጨረሻ ቃል ሆኖ ይታያል። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያናችን ለዘመናት የተሳሰረችበት የእስክንድርያ መንበር በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ጥያቄው ቀርቦለት ነበር። ሊቀ ጳጳሱ ጢሞቴዎስ፣ አእምሮውን ስቶ ራሱን ላጠፋ ሰው ቁርባን ይቅረብለት ወይስ አይቅረብለት ተብለው ሲጠየቁ፣ ካህኑ ሰውየው በእርግጥ አእምሮው ታውኮ እንደነበረ በጥንቃቄ ሊመረምር ይገባል የሚል መልስ ሰጥተዋል። ቤተሰብ ለማስቀበር ሲል ሊዋሽ እንደሚችል እንኳ አስበውበታል፤ ነገር ግን በሩን አልዘጉትም። በእስልምናም አብዛኞቹ የሕግ ሊቃውንት ለእንዲህ ያለው ሟች የጀናዛ ሶላት እንዲሰገድ ይፈቅዳሉ። እኔ የሃይማኖት ሊቅ አይደለሁም፣ ማንንም ለማስተማርም አልደፍርም፤ ነገር ግን አባቶች ከአሥራ ስድስት መቶ ዓመት በፊት «አስቀድማችሁ መርምሩ» ያሉትን ነገር እኛ የእድር ሰዎች ሳንመረምር መፍረዳችን ያስገርመኛል። ይህንንም የማነሣው ፍርዱ የሚደርሰው ለሟቹ ሳይሆን፣ በዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ተመሳሳይ ሐሳብ በልቡ ይዞ ለሚያዳምጠው ሰው ስለሆነ ነው። ያ ሰው ስለ ጭንቀቱ ለማን መናገር እንደማይችል የሚማረው እዚያ ነው።

ባለሙያ ይምጣና ይሥራው የሚል ሰው አይጠፋም። ባለሙያ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አልነበረም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ውጭ አገር ሄዶ መማር ነበረበት። አማኑኤል ሆስፒታል ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣውን ሕመምተኛ ሲቀበል የኖረው በጥቂት ሐኪሞች ነው። እርግጥ ነው ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ የተካሄደው ፕሮግራም የጤና ጣቢያ ነርሶችና የጤና መኮንኖች የአእምሮ ሕመምን መርምረው ማከም እንደሚችሉ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የአካባቢው ታዋቂ ሰዎች ደግሞ ሕመምተኛውን ከቤቱ ፈልገው ወደ ሕክምና ማምጣት እንደሚችሉ አሳይቷል። ልብ ማለት የሚገባው በዚህ ሥራ ውስጥ ሰውየውን የሚያገኘው ሐኪሙ አለመሆኑን ነው። የሚያገኘው ጎረቤቱ ነው። ሐኪሙ የሚያክመው የመጣለትን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ማስረጃዬ ልምጣ፤ ረዘም ብዬ የምቆየውም እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች፣ ማለትም በብራዚል ካምፒናስ፣ በሕንድ ቼናይ፣ በስሪላንካ ኮሎምቦ፣ በኢራን ካራጅ እና በቻይና ዩንቼንግ አንድ ሙከራ አካሂዶ ነበር። ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1,867 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎቹ በተለመደው መንገድ የሚሰጡትን ሕክምና አገኙ። ለሁለተኛዎቹ ከዚያ በተጨማሪ የአንድ ሰዓት ያህል ምክር ተሰጣቸው፤ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላም በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ አንድ የጤና ባለሙያ በስልክ ወይም በአካል እየጠየቀ «እንዴት ነህ? የሚያስፈልግህ ነገር አለ?» አላቸው። ጥየቃው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተደጋግሞ፣ እየቆየ እየተራራቀ የሚሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በተለመደው ሕክምና ብቻ ከተሸኙት መካከል በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ 2.2 በመቶ ያህሉ ራሳቸውን አጥፍተው ሞተዋል፤ ከተጠየቁት መካከል ግን የሞቱት 0.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሌሎች አገሮች በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ይህን ያህል ውጤት አላሳዩም፤ ስለዚህ መጠየቅ ብቻውን መድኃኒት ነው ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ለድሃ አገር ዋጋው ይህን ያህል የቀለለ ሌላ ነገር አላውቅም። ዘጠኝ ጊዜ መጠየቅ ለእድር ምንም ማለት አይደለም። እኛ እኮ ለአንድ ለቅሶ በሦስት ቀን ውስጥ ከዚያ በላይ እንመላለሳለን።

ሌላው ምሳሌ ከራሳችን አህጉር የመጣ ነው። ዚምባብዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ዲክሰን ቺባንዳ አንዲት ታካሚያቸው ራሷን ካጠፋች በኋላ ቤተሰቧን ሲጠይቁ፣ ወደ እርሳቸው ያልመጣችው ለአውቶቡስ የሚከፈል 15 ዶላር አጥታ መሆኑን ሰሙ። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሠሩት የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ሰዉ ወደ ሐኪሙ መምጣት ካልቻለ አገልግሎቱ ወደ ሰዉ መሄድ እንዳለበት ዶክተሩ ተረዱ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በተባለው ሰፈር ሥራውን የጀመሩት ከ14 አሮጊቶች ጋር ነው። እነዚህ እናቶች ከጤና ጣቢያው ደጅ በሚገኝ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ከተጨነቀው ሰው ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሰውየው የሆዱን እንዲናገር ያደርጋሉ፤ ከችግሮቹ መካከል አንዱን ራሱ እንዲመርጥ፣ ለእርሱም ሊያደርገው የሚችለውን አንድ ነገር እንዲያስብ ይረዱታል፤ ተመልሶ ሲመጣ ከምን እንዳደረሰው ይጠይቁታል። ምክር አይደረድሩም፤ ይህ ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ የሚከብደው ክፍል ይመስለኛል። በሐራሬ 24 ጤና ጣቢያዎች፣ በ573 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የድባቴ ምልክት የታየባቸው፣ ከአሮጊቶቹ ጋር ከተቀመጡት መካከል 14 በመቶ ገደማ፣ ከሌሎቹ መካከል ደግሞ 50 በመቶ ገደማ እንደነበሩ አሳይቷል። ሥራው ከዚያ ወዲህ ወደ ማላዊና ወደ ዛንዚባር ተሻግሯል፤ ኒው ዮርክም ወስዳዋለች። የእኛን ሰፈር እማማዎች ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስቀና እንጂ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ይሁንና መቀመጥ ብቻውን አይበቃም፤ መጠየቅም አለ። «ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ እንደማይተክል ጥናቶች ደጋግመው አረጋግጠዋል። እንዲያውም ለብቻው ይዞት የነበረውን ነገር አውጥቶ የሚናገርበት ዕድል ስለሚሰጠው ጭንቀቱን ያቀልለታል። እኛ ዘንድ ትልቁ እንቅፋት ሟርት የሚባለው ነገር ነው። ክፉን ነገር በአፍ ማንሣት ወደ ራስ መጥራት ነው ብለን እናምናለን፤ ስለዚህ ሰው «ምነው በሞትኩ» ሲል «እረ አፍህን አትክፈት፣ ጠላትህ ይሙት» እንለዋለን። ቅን ንግግር ነው፣ በፍቅርም የሚባል ነው፤ ነገር ግን ንግግሩን የሚዘጋ በር ነው። «ጠላትህ ይሙት» ከተባለ በኋላ ሰውየው ምን ብሎ ይቀጥላል? ከዚያ ይልቅ «እንዲህ ያሰኘህ ምንድን ነው? እስቲ ንገረኝ» ቢባል ይቀጥላል። ጎረቤት የሚያያቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ከቡና ላይ ቀርታ የማታውቅ ሴት መቅረት ስትጀምር፣ ዕቁቡን ሳያቋርጥ የኖረ ሰው ያለ ምክንያት ሲተወው፣ መጠጥ የማያበዛው ሲያበዛ፣ አንድ ሰው የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ወይም ኑዛዜ የመሰለ ነገር መናገር ሲጀምር፣ ለወራት የተከፋ ሰው በአንድ ሌሊት ሰላም ያገኘ ሲመስል፣ እነዚህ ሁሉ «ቤት አለህ?» ብሎ ለመግባት በቂ ምክንያት ናቸው። ቀድሞ ሞክሮ የነበረ ሰው ደግሞ ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበት ነው፤ ይህን ስል ግን ሞክረው ከተረፉት መካከል አብዛኞቹ በኋላ በዚህ መንገድ እንደማይሞቱ መታወቅ አለበት። ክፉው ሰዓት ያልፋል፤ ሥራው በዚያ ሰዓት ከሰውየው ጋር መሆን ነው።

እዚህ ላይ የእድርን ጉድለት መሸሸግ አይገባኝም። የእድር መዝገብ የቤት ባለቤቶች መዝገብ ነው። አባሉ አባወራው ወይም እማወራዋ ናት፤ የሚመዘገቡትም የትዳር ጓደኛ፣ ልጆች፣ ወላጆች ናቸው። ከሰው ቤት የምትሠራ፣ ከገጠር በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቷ የመጣች ልጅ በማንም መዝገብ ላይ የለችም። ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው የቀን ሠራተኛ የለም። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ተመልሳ፣ የላከችው ገንዘብ የት እንደገባ ሳታውቅ፣ ሰው ባዶ እጅሽን መጣሽ ይለኛል ብላ ከቤት የማትወጣው ሴትም ምናልባት ከአባቷ ስም ሥር ነበረች፣ ስትሄድ ተሰርዛለች። ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሰው ደግሞ እድር ቢኖረውም ብዙ ጊዜ የድሮ ሰፈሩ እድር ነው፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ጎረቤቱን በስም አያውቀውም። መጠየቅ የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ የሚገኘው መዋጮ ከማይከፍሉት መካከል ነው። ስለዚህ እድሩ ሰው ከመሞቱ በፊት የሚሠራ ከሆነ በመዝገቡ ብቻ መመራት አይችልም፤ ቤት ለቤት የሚያውቁ ሰዎች ያስፈልጉታል፤ እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች እድር አባላት ናቸው። ከጉሊት ቸርቻሪዋ ጋር የሚያወሩት፣ የጎረቤት ሠራተኛ ዓይኗ ሲያብጥ የሚያዩት እነርሱ ናቸውና።

ሁለተኛው ጉድለት ሽምግልናችን ነው። ሽማግሌ ጸብ ማብረድ ያውቃል፤ የሚያውቀውም መንገድ ማስታረቅ ነው። ባሏ የሚደበድባት ሴት «መኖር ሰልችቶኛል» ስትል ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት የትዳር ጸብ ነው፤ አስታርቀው፣ አስመርቀው፣ ወደዚያው ቤት ይመልሷታል። እንዲህ ያለው ሰላም ሊገድል ይችላል። ይህን ስናገር ሽማግሌዎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ራሴም በሽምግልና ተቀምጬ አውቃለሁ። ነገር ግን ሞትን የሚያስመኝ ነገር በቤቱ ውስጥ ከሆነ ዕርቁ መጠበቅ ይችላል፣ ሴትየዋ ግን መጠበቅ አትችልም።

ጸበልን በተመለከተ የሚነሣው ክርክር ከሚገባው በላይ የከረረ ይመስለኛል። ሰው ጸበል ልሂድ ካለ የሚከለክለው ምክንያት የለም፤ የሚያስፈልገው መድኃኒቱን እየወሰደ እንዲሄድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የአእምሮ ሐኪሞች ከጸበል ቦታ አባቶች ጋር ተስማምተው በዚያው ሥፍራ ሕክምና የሰጡበት አሠራር አለ፤ ካህኑ ወደ ሐኪሙ ይልካል፣ ሐኪሙም ጸሎቱን አይነቅፍም።

ሌላ በአጭሩ ማንሣት ያለብኝ የመርዝና የመድኃኒት አቀማመጥ ነው። ስሪላንካ እጅግ መርዛማ የሆኑትን የእርሻ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከገበያ ካስወጣች በኋላ በአገሪቱ ራሳቸውን የሚያጠፉት ሰዎች መጠን ከቀድሞው በሁለት ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል። የእርሻው ምርት ግን በዚህ ምክንያት አልወደቀም። ክፉው ሰዓት አጭር ነውና፣ በዚያ ሰዓት ገዳይ ነገር በእጅ አለመኖሩ ብቻ ብዙ ሕይወት ያተርፋል። የገጠር እድሮች ኬሚካሉ ከመኖሪያ ቤት ርቆ፣ ተቆልፎ እንዲቀመጥ በስብሰባቸው ቢነጋገሩ፣ በከተማም ሐዘን ወይም ጭንቀት የበዛበት ሰው መድኃኒት በብዛት ካለው፣ ዘመዱ ወስዶ ቢያስቀምጥለት፣ ይህ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

ፖሊስን ፈርተው ወደ ጤና ተቋም የማይሄዱ ቤተሰቦች አሉ፤ ፍርሃቱ መሠረት የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የሚያነሣሣውን ወይም የሚረዳውን ነው፤ በራሱ ላይ የሞከረውን ሰው አይደለም። ስለዚህ አደጋው ከደረሰ ወይም ሊደርስ ነው ከተባለ ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ይህን የምታነቡት አሜሪካ ከሆናችሁ በ988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይቻላል፤ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲገናኝላችሁ መጠየቅም ትችላላችሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነብበው ወይም የምታነብቢው ስለ ራስሽ እያሰብሽ፣ ስለ ራስህ እያሰብክ ከሆነም፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ንገሩ። ያ ሰው የቤተሰብ አባል መሆን የለበትም፤ ጎረቤት፣ የንስሐ አባት፣ ኢማም፣ ነርስ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሰው ካልሰማችሁ ለሁለተኛው ንገሩ።

እኛ ሰፈር ነገሩ የደረሰበትን ልጻፍና ላብቃ። ያቀረብነው የደንብ ማሻሻያ ረቂቅ አጭር ነው። ከሴቶች እድር ሁለት፣ ከወንዶች አንድ ሰው «ጠያቂ» ሆነው ይመረጣሉ፤ የወረዳው ጤና ጣቢያ ነርስ ስለ ምልክቶቹና ስለ አጠያየቁ ታስረዳቸዋለች፤ በራስ ማጥፋት ሰው የሞተበት ቤት ከሰልስት በኋላ ቢያንስ እስከ ዓመቱ ድረስ በየጊዜው ይጠየቃል፤ ከሆስፒታል ለወጣ ወይም ጭንቀቱ ለተሰማ ሰውም፣ አባል ይሁን አይሁን፣ እንዲሁ ይደረጋል፤ ወደ ሕክምና አብሮ የሚሄድ ሰውና የታክሲ ዋጋ ከእድሩ ይታሰባል። በኮሚቴው ስብሰባ ላይ አባል ስላልሆነ ሰው የሚለው ሐረግ ካሰብኩት ያነሰ ተቃውሞ ነበር ያገኘው፤ አንዲት እናት «ለቀብሩ ድንኳን ልናውሰው ነው እኮ፣ ለታክሲው ምን ቸገረን?» ብለው ጨረሱት።

ብዙ ያከራከረን ምስጢር ነበር። የተጠየቀው ሰው ስም በቃለ ጉባኤ ከተጻፈ መዝገቡ ለወሬ እንደሚከፈት፣ ካልተጻፈ ደግሞ ገንዘቡ ለምን እንደወጣ ማወራረድ እንደማይቻል ሁለት ወገን ሆነን ተከራከርን። የእድሩ ዳኛ ገንዘብ ነክ ነገር ሁሉ ስም ሊኖረው ይገባል በሚለው ጸኑ። እኔም ስም የሚጻፍ ከሆነ ማንም በሩን እንደማይከፍትልን ተናገርኩ። በስተመጨረሻ የተስማማነው በመዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የጉብኝቱ ቁጥርና የወጣው ገንዘብ ብቻ እንዲሆን፣ ስሞቹን ሦስቱ ጠያቂዎች ብቻ እንዲያውቁ፣ ወሬ ያወጣ ጠያቂም ከቀብር ከቀረ አባል በላይ እንዲቀጣ ነው። ቅጣቱ ስንት ብር ይሁን የሚለው አላለቀም፤ ገንዘብ ያዡ ደግሞ የታክሲው ወጪ «ልዩ ልዩ» በሚለው ርዕስ ሥር ይያዝ ወይስ ለብቻው ርዕስ ይከፈትለት ብለው ጠይቀው፣ እርሱም ከረቂቁ ጋር ለጥቅምቱ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ተወስኗል።